ያረጀ የእጅ ብሎወር ይታደስ ወይስ ይተው?

የብረት ሥራ ከመዶሻው በፊት በእሳቱ ይጀምራል፤ እሳቱ ደግሞ አየር ይፈልጋል። ከሰል እንደ ነገሩ ሲነድ ቡና ያፈላል፣ በቆሎ ይጠብሳል፤ ድጅኖ የሚያህል ብረት አለስልሶ ለመዶሻ ለማቅረብ ግን አቅሙ አይደርስም። ስለዚህ አንጥረኛ ባለበት አገር ሁሉ አየር የሚገፋ መሣሪያ ከመስፉ አጠገብ አይጠፋም። በኢትዮጵያ ከፍየል ቆዳ የሚሠራው ወናፍ አለ። በአውሮፓ ከእንጨትና ከቆዳ የተሠራ ትልቅ ወናፍ ለብዙ መቶ ዓመታት አገልግሏል። በአሜሪካ ደግሞ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ጀምሮ የአንጥረኛውን ቤት የያዘው እጀታውን ጨብጠው የሚያዞሩት የብረት ማናፊያ፣ ብሎወር የሚባለው ነው።

ይህ ዳሰሳ የሚመለከተው ይህን የእጅ ብሎወር ነው። ዛሬም በአሜሪካ የገጠር ጎተራዎች፣ በእርሻ ዕቃ ጨረታዎችና በአሮጌ ዕቃ ገበያዎች ይገኛል። አብዛኛው ግን ዝጎ፣ ደርቆ፣ እጀታው አልዞር ብሎ ነው የሚገኘው። በቤቱ ጓሮ ብረት መቀጥቀጥ የሚፈልግ ሰው እንዲህ ያለ ዕቃ ሲያጋጥመው የሚያነሣቸው ጥያቄዎች የታወቁ ናቸው። ሊድን ይችላል? መፈታት አለበት? ዘይት ይሻለዋል ወይስ ግራሶ? ቀለም ይቀባ? ይህ ሁሉ ድካም ከሚወጣበት አንድ የኤሌክትሪክ ማራገቢያ ገዝቶ መገላገልስ አይሻልም? በእነዚህ ጥያቄዎች ላይ ባለሙያዎችም አይስማሙም። ክርክሩን አንድ በአንድ ከማየታችን በፊት የራሴን አቋም ላስቀምጥ፦ ከእነዚህ ብሎወሮች ውስጥ በእርግጥ የሞቱት ጥቂት ናቸው፤ ብዙዎቹ የሚጠፉት በዝገት ሳይሆን ሊያድሳቸው በተነሣ ሰው ችኮላ ነው።

መሣሪያው ከየት መጣ

አየርን በሚሽከረከር ምላጭ መግፋት የቆየ ሐሳብ ነው። ጌኦርጊዩስ አግሪኮላ በ1556 በታተመው የማዕድን መጽሐፉ ውስጥ ለጉድጓድ ሠራተኞች አየር የሚያስገቡ፣ በእጅ የሚዞሩ ማራገቢያዎችን በሥዕል አሳይቷል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሐሳቡ ወደ አንጥረኛው ቤት በብዛት የገባው ግን ፋብሪካዎች ባለጥርስ ጎማዎችን በትክክል መቅረጽና ጊዛን፣ ማለትም በቅርጽ የሚፈስሰውን ብረት፣ በርካሽ ማምረት ከቻሉ በኋላ ነው።

በአሜሪካ ስማቸው ጎልቶ የሚነሣው ሦስት አምራቾች ናቸው። በፔንሲልቬኒያ ላንካስተር ከተማ የነበረው ሻምፒዮን ብሎወር ኤንድ ፎርጅ ኩባንያ አንዱ ሲሆን፣ «400» የሚል ቁጥር የተሰጠው ሞዴሉ ዛሬም በፈላጊዎች ዘንድ ከሁሉ የበለጠ ይወደዳል። ሁለተኛው በኒውዮርክ ግዛት በምትገኘው በባፋሎ ከተማ የነበረው ባፋሎ ፎርጅ ነው። ሦስተኛው በኢሊኖይ፣ በቺካጎ ሃይትስ የነበረው ካኔዲ ኦቶ ነው። እንደ ሲርስ ያሉ በፖስታ የሚሸጡ ድርጅቶችም ብሎወርን ከማረሻና ከልብስ ስፌት መኪና ጋር በዋጋ መዘርዝራቸው ውስጥ አስገብተው ለገበሬው ቤት ድረስ ይልኩ ነበር።

የባፋሎ ፎርጅ ታሪክ አየር የመግፋት ዕውቀት የት ድረስ እንደሚያደርስ ያሳያል። ዊሊስ ካሪየር የተባለው ወጣት መሐንዲስ በ1901 ከኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተመርቆ የተቀጠረው በዚህ ኩባንያ ነው። በቀጣዩ ዓመት፣ በ1902፣ በብሩክሊን ለሚገኝ አንድ ማተሚያ ቤት የአየሩን እርጥበት የሚቆጣጠር ዘዴ ነደፈ፤ ይህም የዘመናዊው ኤር ኮንዲሽነር መነሻ ተደርጎ ይቆጠራል። ዛሬ በየቢሮው ቀዝቃዛ አየር የሚነፍሰው መሣሪያ የተወለደው ለአንጥረኛ ምድጃ ማናፊያ ይሠራ በነበረ ቤት ውስጥ ነው ማለት ነው።

ብሎወሩ በገበሬው ጓሮ ብቻ አልቀረም። ድልድይና ሰማይ ጠቀስ ሕንፃ በሪቬት ይያያዝ በነበረበት ዘመን፣ ሪቬቱን አግሎ የሚያቀብለው ሠራተኛ ብሎወር ያለው ትንሽ ተንቀሳቃሽ ምድጃ ይዞ ከብረት ምሰሶው ላይ ይወጣ ነበር። ከዚያ በኋላ ዘመኑ ተለወጠ። ትራክተር ፈረስን ተካ፤ የፈረስ ጫማ ሥራ ቀረ። በ1936 የወጣው የገጠር ኤሌክትሪክ ሕግ መብራትን ወደ እርሻ ቤቶች አደረሰ፤ የኤሌክትሪክ ብየዳም ተከተለው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት ለጦር መሣሪያ የሚሆን ብረት ከየቤቱ ሲሰበሰብ ብዙ አሮጌ የእርሻና የእጅ ሥራ መሣሪያ ወደ ማቅለጫ ተጫነ። የተረፈው ብሎወር ጎተራ ውስጥ ተረሳ። በ1973 የሰሜን አሜሪካ የአንጥረኛ አርቲስቶች ማኅበር ሲመሠረት ሙያው እንደገና ወዳጅ አገኘ፤ የተረሱትን መሣሪያዎች የሚፈልግም ሰው መጣ። ዛሬ የምንነጋገርባቸው ብሎወሮች ከዚያ ሁሉ ያመለጡ ናቸው፤ አንዱን ማዳን ቁም ነገር የሚሆነውም በዚህ ምክንያት ነው።

ውስጡ ምን አለ

ብሎወሩ ከውጭ ሲታይ ሁለት ክፍል ነው፦ ክቡ የማራገቢያ ቤትና ከጎኑ የተያያዘው የጥርሶች ሳጥን። ከማራገቢያው ቤት መሐል ላይ አየር የሚገባበት ቀዳዳ አለ። ምላጮቹ ሲሽከረከሩ አየሩን ከመሐል ተቀብለው ወደ ዳር ይወረውሩታል፤ እሱም በጎን ባለው አፍ ወደ ቱቦው ይወጣል።

ዋናው ጥበብ ያለው ሳጥኑ ውስጥ ነው። በታወቁት ሞዴሎች ላይ እጀታው አንድ ትልቅ ባለጥርስ ጎማ ያዞራል፤ እሱ ትንሹን ይነዳል፤ ከትንሹ ጋር በአንድ ዘንግ ላይ የተቀመጠው የነሐስ ጎማ ደግሞ በማራገቢያው ዘንግ ላይ ያለውን ጠመዝማዛ ጥርስ ያሽከረክራል። በየደረጃው ፍጥነቱ ይጨምራል። ለምሳሌ ሳጥኑ 40 እጥፍ የሚያፈጥን ከሆነና ሰውየው እጀታውን በደቂቃ 50 ጊዜ ቢያዞር፣ ማራገቢያው በደቂቃ 2,000 ጊዜ ይሽከረከራል። ክንድን ሳያደክም እሳቱን የሚያስጮኸው ይህ ስሌት ነው።

ስሌቱ ግን ሌላ ገጽታ አለው፤ ይህን ሳይረዱ እድሳት መጀመር አደገኛ ነው። ፍጥነቱ 40 ጊዜ ሲባዛ፣ በማራገቢያው ዘንግ ላይ ያለ ጥቂት መያዝም እጀታው ጋ ሲደርስ 40 ጊዜ ተባዝቶ ይሰማል። ዘንጉ በሁለት ጣት ሊላቀቅ በሚችል ደረቅ ግራሶ የተያዘ ብሎወር፣ በእጀታው በኩል ሲሞከር ተበይዶ የቀረ ይመስላል። ባለቤቱ «ይኼማ ተበላሽቷል» ብሎ በቱቦ እጀታውን ያስረዝምና ባለ በሌለ ኃይሉ ይጫነዋል። ያ ኃይል ሁሉ የሚያርፈው ጥርሶቹ ላይ ነው። ጥርስ ይረግፋል፤ ያን ጊዜ ብሎወሩ በእርግጥ ይሞታል።

ሲገዛ ምን ይታይ

የመጀመሪያው ምርመራ ምንም መሣሪያ አይጠይቅም። እጀታው በቀስታ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይሞከር። በነፃነት የሚዞር ከሆነ ጥቂት አዙሮ መልቀቅ ነው፤ ጤነኛ ብሎወር እጀታው ከተለቀቀ በኋላም በራሱ ጉልበት ጥቂት ዙሮች ይሄዳል። ወዲያው የሚቆም ከሆነ ወይ ደርቋል፣ ወይ ኩሽኔቱ ከልክ በላይ ጠብቋል። በየዙሩ አንድ ቦታ ላይ «ቀጭ» የሚል ድምፅ ከተሰማ የተሰበረ ጥርስ መኖሩን መጠርጠር ይገባል። ወጥ የሆነ የመፋጨት ድምፅ ግን ብዙ ጊዜ ምላጩ የቤቱን ግድግዳ ሲነካ የሚሰማ ስለሆነ በማስተካከል ይድናል።

ቀጥሎ ጊዛውን ማየት ነው። ጊዛ ጠንካራ ቢሆንም ተሰባሪ ነው፤ ከወደቀ ይሰነጠቃል። እግሩ የሚገባበት፣ ሳጥኑና የማራገቢያው ቤት የሚገናኙበት፣ ብሎኖቹ የሚያልፉባቸው ጆሮዎች በደንብ ይታዩ። የተሰነጠቀ ጊዛን መበየድ ልዩ ሙያ የሚጠይቅ ሥራ ነው፤ በተራ ብየዳ ቢሞከር ከጎኑ ሌላ ስንጥቅ ይወልዳል። የጎደለ እጀታ ወይም የጠፋ እግር ግን ሊያሳስብ አይገባም፤ ሁለቱንም ከተራ ብረት መሥራት ይቻላል። ፍርዱ እንግዲህ ይህ ነው፦ ዝገትና መድረቅ ዋጋ ያስቀንሱ እንጂ ግዢውን አይከልክሉ፤ የረገፈ ጥርስና የተሰነጠቀ ሳጥን ያለበት ግን ለመለዋወጫ ካልሆነ አይገዛ።

የደረቀውን ማላቀቅ

በዚህ ላይ ሁለት ጎራዎች አሉ። አንደኛው «በመጀመሪያ ሙሉ በሙሉ ይፈታ፤ እያንዳንዱ ዕቃ ታጥቦ ይመለስ» ይላል። ሁለተኛው «ሳይፈታ ዘይት ይጠጣ፤ ከተላቀቀ አይነካ» ይላል። እኔ ከሁለተኛው እጀምራለሁ፤ ምክንያቴም ግልጽ ነው። አሮጌ ብሎን ሲፈታ ይሰበራል፤ ዘንግ በግድ ሲወጣ ይጎብጣል፤ ከዘንግ ጋር የተጣበቀ ማራገቢያ በመዶሻ ሲመታ ሚዛኑን ያጣል። በዘይት ብቻ መዳን የሚችል ዕቃ ለዚህ ሁሉ አደጋ መጋለጥ የለበትም።

ሥራው እንዲህ ይጀመራል። የሳጥኑ የላይ ክዳን ይነሣል። ከሥሩ ብዙ ጊዜ የሚታየው ጥቁር፣ እንደ ሬንጅ የጠነከረ ነገር ነው፤ የዛሬ ስንት ዓመት የገባ ግራሶ ከአቧራ ጋር ተቦክቶ የቀረ ነው። በእንጨት ፍቅፋቂ የሚነሣው ይነሣ፤ ብረት መፋቂያ ግን ነሐሱን ስለሚጭረው አይጠቅምም። ከዚያ ላምባ ወይም ናፍጣ ጥርሶቹን እስኪሸፍን ተሞልቶ ይተዋል። በማራገቢያው ቤት በኩልም መብራት ይዞ ወደ ውስጥ መመልከት ይገባል። በአሜሪካ ጎተራዎች ጭቃ እየጠፈጠፈች ጎጆ የምትሠራ ተርብ አለች፤ የብሎወር ቀዳዳ ትወዳለች። ምላጮቹ መሐል የደረቀ የጭቃ ጎጆ ብቻውን ማራገቢያውን ቀስፎ ሊይዝ ይችላል። በቀጭን እንጨት ሲነካ እየተፈረፈረ ይወድቃል፤ «ተበላሽቷል» ተብሎ የተጣለው ብሎወርም ወዲያው መዞር ይጀምራል።

ላምባው ሥራውን ሲሠራ ሰውየው መታገሥ አለበት። በየቀኑ በአየር ማስገቢያው ቀዳዳ በኩል ጣት አስገብቶ ማራገቢያውን ከመሐሉ አጠገብ ይዞ፣ በጣም ትንሽ ወደ ቀኝ፣ በጣም ትንሽ ወደ ግራ መሞከር ነው። ምላጩን ጫፉ ላይ ይዞ መግፋት ያጎብጠዋል። በመጀመሪያው ቀን ምንም ላይነቃነቅ ይችላል። ከዚያ የአንዲት ጥርስ ያህል ይላወሳል። እንደገና ዘይት፤ እንደገና ትዕግሥት። እንቅስቃሴው እየሰፋ ሄዶ አንድ ሙሉ ዙር ሲሞላ፣ ላምባው እየጠቆረ ሲመጣ፣ ያኔ ወደ እጀታው መሄድ ይቻላል። ላምባው ተቀድቶ አዲስ ይጨመራል፤ ንጹሕ ሆኖ እስኪወጣ ይደገማል።

በዚህ ሁሉ ያልተላቀቀ ካለ መፍታቱ ግድ ይሆናል። ያኔም ሥርዓት አለው። ከመፈታቱ በፊት እያንዳንዱ ደረጃ ፎቶ ይነሣ፤ ከዘንጉ ላይ የሚወጣው ቀለበትና ሽም በወጣበት ቅደም ተከተል በሽቦ ይሰካ። ማራገቢያውን ከዘንጉ ጋር የሚያያዘው ትንሽ ማጥበቂያ ብሎን መጀመሪያ ይፈለግ፤ እሱ ሳይላላ ማራገቢያውን መጎተት ቤቱን ይሰነጥቃል። የዘንጉ ዳዶ የሚፈታበት አቅጣጫ ከተለመደው የተገላቢጦሽ ሊሆን ስለሚችል፣ አልፈታ ሲል ኃይል ከመጨመር በፊት ጥርሱን ማየት ያስፈልጋል። መዶሻ ግድ ከሆነ በብረቱና በመዶሻው መሐል እንጨት ወይም ናስ ይግባ። አሴቶንና የመኪና ማርሽ ዘይት ቀላቅሎ ማላቀቂያ መሥራት የተለመደና የሚሠራ ዘዴ ነው፤ ነገር ግን አሴቶን በቀላሉ ስለሚቀጣጠል እሳት ካለበት ርቆ፣ አየር ባለበት ቦታ ይሠራበት።

ዘይት ወይስ ግራሶ

በብሎወር ጉዳይ ከሁሉ የበለጠ የሚያከራክረው ይህ ነው። የክርክሩ ምንጭ ደግሞ መሣሪያው ራሱ ነው፦ ሳጥኑ ዛሬ መኪና ላይ እንደምናየው የላስቲክ ማኅተም የለውም። ዘይት ከተጨመረበት በዘንጉ ዳር ቀስ እያለ ይወጣል፤ ይንጠባጠባል። ባለቤቱ ይህን ሲያይ «ያፈሳል» ብሎ ግራሶ ይጠቀጥቅበታል። ማፍሰሱ በእርግጥ ይቆማል። ግን ጥርሶቹ ግራሶውን ወደ ዳር ገፍተው በባዶ ይፋጫሉ፤ ግራሶው ተመልሶ አይፈስላቸውም። ከዓመታት በኋላም ይጠነክርና ቅድም ያየነውን ሬንጅ ይሆናል። ለእድሳት ከሚቀርቡት ብሎወሮች ብዙዎቹን ያደረቀው ይህ ግራሶ ነው።

ስለዚህ መልሴ ዘይት ነው። መጠኑም ትንሽ ይበቃል፤ የታችኛው ጥርስ ዘይቱን ከነካ ሲዞር ለሌሎቹ ያዳርሳል። ከዚያ በላይ የተጨመረው ሁሉ ወለል ላይ ይፈስሳል። ዓይነቱን በተመለከተ ቁጥር 30 ተራ የሞተር ዘይት፣ በተለይም የማጽጃ ቅመም የሌለበት፣ ለብዙዎች ሠርቷል። የማጽጃ ቅመሙ ቆሻሻውን ዘይቱ ውስጥ አንሳፍፎ ለፊልትሮ ለማቅረብ የተሠራ ነው፤ እዚህ ፊልትሮ ስለሌለ ቆሻሻው ወደ ታች ቢዘቅጥ ይሻላል። ለመኪና ዲፈረንሻል የሚሆነው ወፍራም ዘይት ደግሞ ሁለት ችግር አለው፦ በብርድ ጊዜ እጀታውን ያከብዳል፤ አንዳንዱም ውስጡ ያለው የድኝ ቅመም ነሐስን ሊጎዳ ይችላል። ብሎወር ብዙ ስለማይግል ጉዳቱ ትንሽ ነው የሚሉ አሉ፤ ትክክልም ሊሆኑ ይችላሉ። ግን መተኪያው በቀላሉ የማይገኝ የነሐስ ጎማ ላይ ለምን ይሞከራል? ሳጥኑ ከሚገባው በላይ ከተበላና ዘይት አልይዝ ካለ፣ በዘይትና በግራሶ መሐል ያለውን ፈሳሽ ግራሶ መጠቀም ተቀባይነት ያለው መፍትሔ ነው። በቀረው ግን ጥቂት መንጠባጠብ የጤንነት ምልክት ነው፤ ከሥሩ ጣሳ ማስቀመጥ ይበቃል።

ኩሽኔት፣ ዝገትና ቀለም

የማራገቢያው ዘንግ በብዙ ሞዴሎች ላይ የሚዞረው እንደ ብስክሌት ጎማ በልቅ የብረት ኳሶች ላይ ነው። ኳሶቹ ሲፈቱ እየተንከባለሉ ስለሚጠፉ ሥራው ሰፊ ትሪ ላይ ይሁን። የተቦረቦሩት በካሊፐር ተለክተው በአዲስ ይተኩ፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይለወጡ። ማጥበቂያው ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፦ ዘንጉ ወደ ጎን እንዳይወዛወዝ እስኪያዝ ይጥበቅ፣ ከዚያ በነፃነት እስኪዞር ጥቂት ይላላ። እጅግ የጠበቀ ኩሽኔት በአጭር ጊዜ ኳሱንም መቀመጫውንም ይበላል።

ውጫዊውን መልክ በተመለከተ ሁለት ዝንባሌ ይታያል። አንዱ እስከ ነጩ ብረት አጽድቶ አዲስ ቀለም መቀባት ይወዳል፤ ሌላው የዘመኑን መልክ ሳይነካ በዘይት ማሸት ይመርጣል። ሁለቱም የባለቤቱ መብት ነው፤ ቅደም ተከተሉ ግን ለክርክር አይቀርብም። መጀመሪያ ይዙር፤ ቀለሙ ኋላ ይደርሳል። ቀለም ተቀብቶ አምሮ ግን ዘንጉ የደረቀ ብሎወር ለአንጥረኛ ምንም አይሠራለትም። በጊዛው ላይ ጎልተው የተጻፉት የአምራቹ ስምና ቁጥር በመፍጫ ማሽን እንዳይጠፉ በሽቦ ብሩሽ ብቻ ይጸዱ፤ የመሣሪያው መታወቂያ እነሱ ናቸው። የተቀቀለ የተልባ ዘይት በስሱ ተቀብቶ ሲደርቅ ዝገትን ይከላከላል፤ የዘመኑንም መልክ ይጠብቃል።

እዚህ ላይ ጤና ይቅደም። አሮጌ ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ይችላል፤ በአሜሪካ እርሳስ ያለበት የቤት ቀለም የታገደው በ1978 ነው፤ እነዚህ መሣሪያዎች ከዚያ እጅግ ይቀድማሉ። ስለዚህ በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግና አቧራውን መተንፈስ ክልክል ሊሆን ይገባል። ዝገትን በኤሌክትሪክና በሶዳ ውኃ የሚያነሡም አሉ፤ ዘዴው ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ማስተላለፊያው የማይዝግ ብረት ከሆነ ውኃው ውስጥ መርዛማ ክሮሚየም ስለሚፈጠር ተራ ብረት ይሁን። ከሥራው የሚወጣውም ጋዝ ስለሚቀጣጠል ሥራው ደጅ ይሠራ።

ወደ ምድጃው ሲገባ

የታደሰ ብሎወር ከምድጃው ጋር ሲገናኝ ሌላ ዓይነት ጥንቃቄ ይጠይቃል። ከብሎወሩ የሚወጣው ቱቦ ከምድጃው ሥር ከ«ቲ» ቅርጽ መጋጠሚያ ጋር ይያያዛል፤ አንዱ አፍ ወደ እሳቱ፣ ሌላው ወደ ታች አመድ መጣያ ይሆናል። ለእሳቱ ቅርብ የሆነው ቱቦ በዚንክ የተለበጠ መሆን የለበትም። ዚንክ በ907 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይተናል፤ ትነቱም ሲተነፈስ ብርድ ብርድ የሚያሰኝ፣ የሚያንቀጠቅጥ ሕመም ያመጣል።

ጥቂት ጀማሪዎች ብቻ የሚያውቁት አንድ አደጋ አለ። የድንጋይ ከሰል ሲሞቅ የሚቀጣጠል ጋዝ ያወጣል። ሰውየው እጀታውን ትቶ ወደ መስፉ ሲዞር አየሩ ይቆማል፤ ጋዙም ወደ ታች፣ ወደ ቱቦው ይሾልካል። ተመልሶ እጀታውን ባንድ ጊዜ ሲያዞር ጋዙ ከአየር ጋር ተቀላቅሎ ወደ ፍሙ ይገባል፤ ቱቦው ውስጥ «ቡም!» ይላል፤ ብሎወሩን ሊጎዳ፣ ፍም ሊረጭ ይችላል። መከላከያው ቀላል ነው። አዲስ ከሰል በተጨመረ ጊዜ አየሩን ፈጽሞ አለማቋረጥ፤ ካቋረጡም የአመድ መጣያውን ክዳን ከፈት አድርጎ መተው፤ ሲመለሱ በቀስታ መጀመር። በተጨማሪ በዝግ ቤት ውስጥ ከሰል የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ ይገድላልም። ጋራዥ በሩ ተዘግቶ ምድጃ አይለኮስበትም።

ከሌሎቹ ጋር ሲነጻጸር

የኤሌክትሪክ ማራገቢያ ሁለቱንም እጅ ነፃ ያደርጋል፤ ለረጅም ሰዓትና ለወፍራም ብረት ይመረጣል። ነገር ግን ብረት ቀጥቃጩ መስፉ ላይ እያለም መንፋቱን አያቆምም፤ ከሰል በከንቱ ይነዳል፤ የተረሳ ብረትም ይቃጠላል። የጋዝ ምድጃ ንጹሕና ፈጣን ነው፤ ግን የብረቱን አንድ ቦታ ብቻ ለይቶ ማጋል ያስቸግራል። የእጅ ብሎወር ጉድለቱ አንድ እጅ መያዙ ነው። ጥቅሙ ደግሞ እሳቱ ሁልጊዜ በሰውየው ፈቃድ ሥር መሆኑ ነው። እጅ ሲቆም አየር ይቆማል፤ እሳቱ ይተኛል፤ ከሰል ይተርፋል።

ከሁሉ በላይ ግን ያስተምራል። አየር ሲበዛ ፍሙ ይጮኻል፣ ፍንጣሪ ይረጫል፣ ብረቱ ላይ ቅርፊት ይበዛል። አየር ሲመጠን እሳቱ ወደ ውስጥ ይሰበሰባል፤ ብረቱ ከቀይ ወደ ብርቱካንማ፣ ከዚያ ወደ ቢጫ በእኩል ይሸጋገራል። የእንጨት ከሰል ከድንጋይ ከሰል ያነሰ አየር እንደሚበቃው ክንድ ራሱ ይማራል። ማብሪያ ማጥፊያ ተጭኖ የሚሠራ ጀማሪ ይህን ለማወቅ እጅግ ይዘገያል። ለቤት አንጥረኛ፣ በተለይ ለጀማሪ፣ የእጅ ብሎወር ከሁሉ ይበልጣል የምለው ለዚህ ነው።

የእኛ አገር ወናፍ በዚህ ሚዛን ሲታይ ዋጋው ግልጽ ይሆናል። ሁለቱ ስልቻዎች እየተፈራረቁ ሲናፉ አንዱ አየር ሲስብ ሌላው ይገፋል፤ ስለዚህ እሳቱ አየር አያጣም። ወናፍ የሚያናፋው ሰው ግን ሁለት እጁ ስለሚያዝ ቀጥቃጩ ያለ ረዳት ብቻውን ሊሠራ አይችልም። በእጅ የሚዞር ብሎወር ያቀለለው ይህን ነው፤ በብስክሌት ጎማ፣ በቺንጋና በላሜራ የሚሠራ ቀላል ማራገቢያም ያንኑ አገልግሎት ይሰጣል። የአገራችን አንጥረኞች ማረሻችንንና ማጭዳችንን እየሠሩልን ለዘመናት በስድብና በጥርጣሬ ተገፍተዋል። ዳግማዊ ምኒልክ በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1900 ዓ.ም. የእጅ ሥራ ባለሙያዎችን መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት የደረሱት ለዚህ ነው። ዛሬ በሜሪላንድም ሆነ በደብረ ብርሃን ብረት መቀጥቀጥ የሚጀምር ሰው ቢቻለው ሙያውን ከወረሰ አንጥረኛ አጠገብ ቁጭ ብሎ እሳት አያያዙን ቢያይ ከማንኛውም መጽሐፍ ይበልጥ ያተርፋል።

ፍርዱ

እንግዲህ ለመጀመሪያው ጥያቄ መልሴ «ይታደስ» ነው፤ ጥርሱ ካልረገፈና ሳጥኑ ካልተሰነጠቀ ደግሞ ያለ ምንም ማመንታት። ላምባ ይጠጣ፣ ከማራገቢያው በኩል በጣት ይሞከር፣ ግራሶው ወጥቶ ዘይት ይግባ፣ ኳሶቹ ይታዩ፣ ቀለሙ መጨረሻ ይሁን። አንባቢ ሆይ፣ እጀታው አልዞር ያለህ ቀን ቱቦ አምጥተህ አታስረዝመው፤ ዘይት ጨምርና ለነገ ተወው።